ጡንቻ አልፈታም ሲል

በመስቀል ሰሞን በምዕራብ ሸዋ ጊንጪ፣ ጉደር ወይም አምቦ ውስጥ ቅርጫ የገባ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። በሬው ታርዶ፣ ቆዳው ተገፍፎ፣ ሥጋው በቅጠል ላይ መደብ መደብ እየሆነ ሲከፋፈል ከጭኑ የተቆረጠው ብልት ብቻውን ይርገበገባል። ልጆች በጣታቸው ነካ አድርገው ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ አዋቂዎቹ «ገና ትኩስ ነው» ብለው ያልፉታል። ጥቂት ሰዓታት ሲያልፉ ያው ሥጋ ግትር ይላል፤ ቢላ ያስቸግራል። ከዚያም ውሎ ሲያድር መልሶ ይላላል።

ሥጋ የምንለው ጡንቻ ነው። የበሬው ልብ ከቆመ በኋላም የሚርገበገበው በሴሎቹ ውስጥ የተረፈ ጉልበትና የኤሌክትሪክ ሙሌት ስላለ ነው። የሚገትረው ደግሞ ያ ጉልበት ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ነው። ነገሩ ብዙ ሰው ከሚገምተው ጋር አይገጥምም። ጉልበት ያጣ ጡንቻ ይዝላል፣ ይልፈሰፈሳል ብለን እንጠብቃለን፤ የታረደ ከብት ጡንቻ ግን ጉልበቱ ሲያልቅ የጨበጠውን እንደጨበጠ ይቀራል። ጡንቻ ለመኮማተር ብቻ ሳይሆን ለመፍታትም ጉልበት ያወጣልና።

በሕይወት ያለ ሰው ላይስ? የዳንዲ ሐይቅን ቁልቁለት ወርዶ፣ አቀበቱን ወጥቶ ቤቱ የገባ ጎብኚ እኩለ ሌሊት ላይ ባቱን ይዞ እየጮኸ ይነቃል። ኳስ ተጫዋች ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ማንም ሳይነካው ሣሩ ላይ ይወድቃል። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ከአልጋዋ ልትነሳ እግሯን ዘርጋ ስታደርግ ባቷ ድንጋይ ይሆንባታል። ሰዉ «ባቴን ያዘኝ»፣ «እግሬን ሸመቀቀኝ» ይላል፤ ስፖርተኛው «ክራምፕ» ይለዋል። ስሙ ቢለያይም የሚሆነው አንድ ነው፤ ጡንቻው ባለቤቱ ሳያዘው ይኮማተራል፤ ባለቤቱ ፍታ ቢለውም አይፈታም። ከጥቂት ሰከንዶች እስከ ብዙ ደቂቃዎች ይዞ ሊቆይ፣ ከለቀቀ በኋላም ቦታው እስከ ማግስቱ ሊታመም ይችላል።

ትዕዛዙ ከየት ይመጣል?

አንድ ጡንቻ ከሺዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ክር ውስጥ አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ ሁለት የፕሮቲን ዓይነቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ማዮሲኑ ትናንሽ ራሶች አሉት፤ በነዚህ ራሶች አክቲኑን ይዞ ይስባል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይስባል። ሺህ ጊዜ ሺህ ራሶች አብረው ሲስቡ ጡንቻው ያጥራል፤ ክንድ ይታጠፋል፣ ተረከዝ ከመሬት ይነሳል።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን ከጡንቻው ውጭ ነው። በአከርካሪ አጥንት መሃል በሚያልፈው ህብለ ሰረሰር ውስጥ የእንቅስቃሴ ነርቮች መነሻ አለ። ወደ ባት የሚሄደው ነርቭ ከዚያ ተነስቶ፣ ወገብና ጭን አቋርጦ ይዘልቃል። የኤሌክትሪክ መልእክት በነርቩ ሲወርድ ጫፉ ላይ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይረጫል። ኬሚካሉ የጡንቻውን ክር ቀስቅሶ በክሩ ውስጥ የተከማቸውን ካልሲየም ያስለቅቃል። ማዮሲን አክቲንን የሚይዘው ካልሲየሙ ሲፈስ ነው።

መልእክቱ ሲቆም ካልሲየሙ ወደ ማከማቻው መመለስ አለበት። ይህን የሚሠሩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ፤ ነዳጃቸው ኤ.ቲ.ፒ. የተባለው የሴል ጉልበት ነው። የማዮሲኑ ራስም አክቲኑን የሚለቀው አዲስ ኤ.ቲ.ፒ. ሲያገኝ ብቻ ነው። የቅርጫው ሥጋ የሚገትረው ለዚህ ነው፤ ደም መዘዋወር ካቆመ ኤ.ቲ.ፒ. የሚያመርት የለም፤ የያዘውን የሚያስለቅቅ የለም። በኋላ መልሶ የሚላላውም ራሶቹ ስለለቀቁ ሳይሆን ፕሮቲኖቹ ራሳቸው መፈራረስ ስለሚጀምሩ ነው።

እንግዲህ ክራምፕም የጉልበት ማለቅ ነው ቢባል የሚያሳምን ይመስላል። የደከመ ሯጭ፣ የዛለ ተጫዋች ነውና የሚያዘው። ሆኖም በቀጭን መርፌ የጡንቻን ኤሌክትሪክ የሚለካው መሣሪያ ሌላ ነገር ያሳያል። ጉልበቱ አልቆ የገተረ ጡንቻ ውስጥ መርፌው ሲገባ ዝምታ ነው፤ ምንም የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የለም። በክራምፕ የተያዘ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ግን መሣሪያው ይንጫጫል። ነርቩ ያለማቋረጥ «ሳብ፣ ሳብ» እያለ ነው። ጡንቻው እየታዘዘ ነው፤ ያበዛው አዛዡ ነው።

ጨውና ላብ

የነርቩን መብዛት የሚያመጣው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ለረጅም ዘመን የተሰጠው መልስ ጨው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች በሞቃት ጉድጓድ ውስጥ ሲሠሩ እግርና ሆዳቸውን ይሸመቅቃቸው ነበር። ሐኪሞች እንዳዩት ሠራተኞቹ በላብ ብዙ ጨው እያፈሰሱ የሚተኩት በንጹሕ ውሃ ብቻ ነበር። በ1930ዎቹ በአሜሪካ ኮሎራዶ ወንዝ ላይ የሁቨር ግድብ ሲሠራም እንዲሁ ሆነ። በበረሃው ሐሩር የሚሠሩት ሰዎች በክራምፕ ሲወድቁ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቦታው ድረስ ሄደው መረመሯቸው፤ የታመሙት ሰዎች ደምና ሽንት ውስጥ ጨው ቀንሶ አገኙ። ተጨማሪ ጨው ሲሰጣቸው ተሻላቸው።

ግኝቱ ትክክል ነበር። ነርቭና ጡንቻ መልእክት የሚያስተላልፉት በሴል ግድግዳ ውስጥና ውጭ በሚመላለሱ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ነው። የነዚህ ሚዛን ክፉኛ ሲዛባ ነርቩ ያለ ምክንያት መተኮስ ይጀምራል። ከአንድ ሊትር ላብ ጋር ከግማሽ እስከ ሁለት ግራም ሶዲየም ሊወጣ ይችላል፤ ሰውና ሰው በዚህ በጣም ይለያያል። ልምምድ ጨርሶ ማልያው ሲደርቅ ነጭ የጨው ካርታ የሚቀርበት ተጫዋች ብዙ ጨው ከሚያፈስሱት ወገን ነው፤ ለእርሱ ጨው ያለው ምግብና መጠጥ እውነተኛ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

አምቦ ላይ ይህ ሐሳብ የራሱ መልክ አለው። ከተማዋ ስሟን ለመላው አገር ያስተዋወቀችው ከምድር ጋዝ ይዞ በሚፈልቀው ውሃዋ ነው። ውሃው እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ሲሸጥ ቆይቷል፤ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ባይካርቦኔት አለው። ጨጓራ ያቃጠለውም፣ ሥጋ የከበደውም፣ ስፖርት ሠርቶ የመጣውም አንድ አምቦ ይላል። ማዕድን በሞላበት አገር ባት መሸማቀቅ አልነበረበትም።

ይሸማቀቃል ግን። እንዲያውም ያችው አምቦ በማዕድን ውሃ በሚሞላ መዋኛ ገንዳዋ ስመ ጥር ናት፤ ዋናተኛን ደግሞ ክራምፕ አዘውትሮ ይይዛል። በዚያ ላይ አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ጠዋቷና ማታዋ ነፋሻ የሆነች ከተማ ናት። ሐሩርና የላብ ጎርፍ በሌለበት፣ ማዕድን በተትረፈረፈበት ባት ከተያዘ፣ የጨው መልስ ብቻውን በቂ አይደለም ማለት ነው። ሌላም ጥያቄ አለ፤ ጨው ከመላው ሰውነት ከቀነሰ ለምን አንድ ባት ብቻ? ለምን ብዙ የሠራው ጡንቻ ብቻ ተመርጦ ይያዛል?

የነዳጁና የፍሬኑ ጉዳይ

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከያዙት አንዱ የደቡብ አፍሪካው የስፖርት ሐኪም ማርቲን ሽዌልነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ባቀረበው ማብራሪያ ክራምፕ ከድካም የተነሳ የነርቭ ቁጥጥር መዛባት ነው አለ። ከዚያ በኋላ እርሱና ባልደረቦቹ በኬፕታውን በሚካሄደው 56 ኪሎ ሜትር የቱ ኦሽንስ ሩጫና ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በሚቀናጁበት የአይረንማን ውድድር ላይ የክራምፕ ተጠቂዎችን ከሌሎቹ ጋር አነጻጸሩ። በደማቸው ውስጥ ባለው ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም፣ ባፈሰሱት ውሃም መጠን ቢሆን ክራምፑን የሚያስረዳ ልዩነት አላገኙም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ የተያዙት ሰዎች ከዚህ በፊትም ይዟቸው የሚያውቅ፣ ወይም ከልምምዳቸው በላይ በሆነ ፍጥነት የተወዳደሩ ነበሩ።

በያንዳንዱ ጡንቻ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዳሳሾች አሉ። አንደኞቹ በጡንቻው ሆድ ውስጥ ተቀምጠው የጡንቻውን ርዝመት ይከታተላሉ፤ ጡንቻው ድንገት ሲለጠጥ ወደ ህብለ ሰረሰር «ሳበው» የሚል መልእክት ይልካሉ። ሁለተኞቹ ጡንቻው ከአጥንት ጋር በሚያያዝበት ጅማት ላይ ናቸው፤ ጅማቱ ሲወጠር «በቃ፣ ልቀቅ» ይላሉ። አንዱ እንደ መኪና ነዳጅ መስጫ፣ ሌላው እንደ ፍሬን ነው። በጤናማና ባልደከመ ጡንቻ ውስጥ ሁለቱ ይመጣጠናሉ። ጡንቻ ሲዝል ግን ነዳጅ ሰጪው ይበዛል፤ የፍሬኑ ድምፅ ይደክማል። በህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለው ነርቭ ከሁለቱ የሚሰማው አንዱን ብቻ እየሆነ ይሄዳል።

ሥራው ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት የአንድ የአካባቢውን ልጅ ሩጫ ማሰብ ይበቃል። የምዕራብ ሸዋ ጀልዱ ያፈራው ፈይሳ ሌሊሳ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ጨርሶ የብር ሜዳሊያ ወሰደ። እንዲህ ያለ ሯጭ በደቂቃ ወደ 180 ጊዜ ይረግጣል። በጠቅላላው ከ20 ሺህ በላይ እርምጃ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ባት ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ሳብ፣ ልቀቅ ተብሎ ታዟል ማለት ነው። ለዓመታት በዚያ ፍጥነት የተገራ ነርቭና ጡንቻ ይህን ይችላል። አሥር ኪሎ ሜትር ብቻ እየሮጠ ለማራቶን የተመዘገበ ሰው ባት ግን ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ማመፅ ይጀምራል። በዳንዲ ቁልቁለት የወረደው ጎብኚም ከዚህ የተለየ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል፤ ይህ ካልለመዱት ከአቀበቱ የበለጠ ጡንቻን ያደክማል።

ወጌሻው የሚያውቀው

በሀገራችን ሜዳዎች የቡድኑን ሕመምተኛ የሚያነሳው ባለሙያ ወጌሻ ይባላል። ክራምፕ የያዘውን ተጫዋች ሲያገኝ የሚያደርገውን ተመልካች ሁሉ ያውቀዋል። ተጫዋቹን በጀርባው ያስተኛዋል፤ ጉልበቱን ቀጥ ያደርጋል፤ ታኬታውን በመዳፉ ይዞ የእግሩን ጣቶች ወደ ቅልጥሙ ይገፋል። በኃይል አይደለም፤ ቀስ ብሎ ገፍቶ ይይዘዋል። ባቱ እየተንቀጠቀጠ፣ እየላላ ይሄዳል። የቡድን ጓደኛም ይህን ሲያደርግ ይታያል።

ሳይንሱ ከወጌሻው ጋር ይስማማል። ባት ሲለጠጥ ጅማቱ ይወጠራል፤ ያ ደክሞ የነበረው ፍሬን ይነቃና ነርቩን ዝም ያሰኘዋል። ተመራማሪዎች በኤሌክትሪክ ቀስቅሰው በሰው ሠራሽ መንገድ ባት ላይ ክራምፕ ሲያመጡ፣ የሚመጣው ጡንቻው አጥሮ ሳለ ነው፤ ሲለጠጥ ይጠፋል።

ጡንቻ አጥሮ ሳለ የሚለው ነገር ብዙ ምስጢር ይፈታል። ዋናተኛ በውሃ ውስጥ ሲራገጥ የእግሩ ጣቶች ወደ ታች ያመለክታሉ፤ ባቱ አጥሮ፣ ጅማቱ ላልቶ ነው የሚሠራው። ፍሬኑ የሚወጠርበት ነገር የለም። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ክራምፕ አደገኛ የሚሆነውም የተያዘው ሰው ቆሞ እግሩን መለጠጥ ስለማይችል ነው፤ በጀርባ ተንሳፍፎ፣ ጣትን በእጅ ይዞ ወደ ራስ መሳብ ሕይወት ያድናል። ሌሊት አልጋ ላይም እንዲሁ ነው። ከባድ ብርድ ልብስና ጋቢ የእግርን ጣት ወደ ታች ይጫናል፤ ባት ለሰዓታት አጥሮ ያድራል። በእንቅልፍ ልብ እግርን ዘርግቶ መንጠራራት ያጠረውን ጡንቻ ጨምሮ ያሳጥረዋል፤ ከዚያ ጩኸት ነው። መድኃኒቱ ከአልጋ ወርዶ በእግር መዳፍ ሙሉ በሙሉ መቆም፣ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ተረከዝን መሬት ላይ አጥብቆ ወደ ፊት ዘንበል ማለት ነው። ከመኝታ በፊት ለጥቂት ደቂቃ እንዲህ መለጠጥ የሚረዳቸው ሰዎችም አሉ።

መለጠጥ ሲነሳ ከኢትዮጵያ የስፖርት ታሪክ ውስጥ አንድ ዝነኛ ቅጽበት አለ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ እንደገባ አልተዘረረም። ሣሩ ላይ ወርዶ እግሩን ወደ ላይ እያነሳ፣ እየለጠጠ ጂምናስቲክ መሥራት ጀመረ። ተመልካቹ ተደነቀ፤ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ሳምንታት ብቻ ማለፋቸው ደግሞ ድንቁን አበዛው። የሯጭ ባት ሥራ ካቆመ በኋላ ባሉት ደቂቃዎችም ሊሸማቀቅ ስለሚችል፣ አበበ ሣሩ ላይ የሠራው ዛሬም አሠልጣኞች የሚመክሩት ነው።

በአፍ የሚገባ፣ በነርቭ የሚሠራ

ክራምፕን በተመለከተ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ አስገራሚው የአሜሪካዊው ተመራማሪ ኬቪን ሚለርና የባልደረቦቹ ነው። በአሜሪካ የእግር ኳስ አሠልጣኞች ክራምፕ ለያዘው ተጫዋች በኮምጣጤና ጨው የተዘፈዘፈ የኪያር ውሃ የማጠጣት ልማድ አላቸው። ተመራማሪዎቹ በጎ ፈቃደኞችን ላብ አስወጥተው፣ በእግር አውራ ጣታቸው ጡንቻ ላይ በኤሌክትሪክ ክራምፕ አመጡባቸው፤ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ወይም ያንን ኮምጣጣ ውሃ አጠጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ውሃ የጠጡት ክራምፕ በአማካይ 134 ሰከንድ ገደማ ሲቆይ ኮምጣጣውን የጠጡት በ85 ሰከንድ ገደማ ለቀቃቸው።

በ85 ሰከንድ ውስጥ ጨው ከሆድ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ባት መድረስ አይችልም። የሠራው ሌላ ነገር ነው። ሚለርና ባልደረቦቹ የገመቱት የጣዕሙ ኃይለኛነት በአፍና በጉሮሮ ያሉትን ነርቮች ቀስቅሶ፣ ከላይ ወደ ህብለ ሰረሰር ዝም የሚያሰኝ መልእክት አስልኳል ብለው ነው። በሴል ግድግዳ ውስጥ ስለሚያልፉ የኤሌክትሪክ በሮች ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው ሮድሪክ ማኪነንም በዚህ ጉዳይ ገባ። እርሱ ራሱ በጀልባ ሲቀዝፍ ክራምፕ ያስቸግረው ነበር፤ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ዝንጅብል፣ ቀረፋና በርበሬ የሚያቃጥል ኃይላቸውን የያዘ መጠጥ ሠራ። የሚጥሚጣን ማቃጠል የሚሰሙት ነርቮች ከነዚሁ ወገን ናቸው፤ በምላስ ላይ የአምቦ ውሃን ጋዝ መቆንጠጥ የሚሰሙትም ዘመዶቻቸው ናቸው። ከዚህ ተነስቶ አምቦ ውሃ ወይም ሚጥሚጣ ክራምፕ ያድናል ማለት አይቻልም። የሚያሳየው የባት ክራምፕ በአፍ በኩልም በነርቭ መንገድ ሊነካ እንደሚችል ነው።

በዚያው መጠን ከሙዝ የሚጠበቀው ፈጣን ተአምር አይገኝም። ሙዝ ፖታሲየም አለው፤ ጥሩ ምግብም ነው። ሆኖም የተበላ ሙዝ የደምን ፖታሲየም በመጠኑ ከፍ ማድረግ የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፤ ክራምፑ ደግሞ እስከዚያ አልፏል። የማግኒዚየም ክኒንም ስሙ ከሥራው ይበልጣል። ጥናቶችን ያሰባሰቡ ግምገማዎች እንደሚያሳዩት በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የሌሊት ክራምፕ እምብዛም አይረዳም። ለነፍሰ ጡሮች የተደረጉት ጥናቶች ውጤት እርስ በርሱ ስለሚለያይ ክትትል ከሚያደርግላቸው ባለሙያ ጋር መነጋገር ይሻላቸዋል።

ከድካም ያለፈ ሲሆን

አብዛኛው ክራምፕ ሕመም ቢሆንም በሽታ አይደለም። አንዳንዱ ግን የሌላ ነገር ምልክት ነው።

ቀዳሚው ተጠርጣሪ ብዙ ጊዜ የመድኃኒት ፓኬት ውስጥ ይገኛል። በሀገራችን ለደም ግፊት በስፋት ከሚታዘዙት አንዱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፤ የሚያሸና መድኃኒት ስለሆነ ከውሃው ጋር ሶዲየምና ፖታሲየም ይጠርጋል። ኮሌስትሮል የሚቀንሱ ክኒኖችና የአስም መተንፈሻ የሆነው ሳልቡታሞልም በአንዳንድ ሰው ላይ ክራምፕ ያመጣሉ። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ከክራምፑ የባሰ አደጋ አለው፤ መጠኑን ወይም ዓይነቱን መቀየር የሐኪም ሥራ ነው።

የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሕመምተኞች እጥበቱ ላይ ሳሉ እግራቸው ይያዛል፤ ውሃው በፍጥነት ስለሚወጣ ነው። የጉበት ሕመምና የስኳር በሽታም ይህን ያመጣሉ። የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲቀንስ ጡንቻ ዘገምተኛ፣ ቶሎ የሚሸማቀቅ ይሆናል። በደጋው የሀገራችን ክፍል አዮዲን በአፈር ውስጥ እያነሰ እንቅርት የተለመደ ሆኖ መኖሩ ለዚህ ጉዳይ ቅርብ ያደርገናል፤ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ የታሰበው ለዚሁ ችግር ነው።

አተት ወይም ኮሌራ የያዘው ሰው ባትና ሆዱን ሲሸመቅቀው ጉዳዩ የሰዓታት ነው። ውሃና ጨው ከሰውነቱ በሊትር እየፈሰሰ ነው። እዚህ ላይ የጨው መልስ ያለ ክርክር ይሠራል፤ ለምለም (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) ተበጥብጦ ወዲያው መጀመር፣ ያለ መዘግየት ጤና ጣቢያ መድረስ ያስፈልጋል።

የጊንጪ አካባቢ ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ክረምቱ ሲወጣ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ጓያ ድርቅ የሚችል፣ ሌላው ሰብል ሲከዳ የሚገኝ እህል ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። በውስጡ ኦዳፕ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር አለ። ረሃብ ገብቶ ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርዱት ነርቮች ይጎዳሉ። አጀማመሩ እግር መክበድና ባት መሸማቀቅ ሊሆን ይችላል፤ በኋላ እግሮች ተገትረው፣ ተጠላልፈው፣ ሰውዬው በጣቱ እየረገጠ በምርኩዝ ብቻ የሚሄድ ይሆናል። በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በጎንደር ደምቢያና ፎገራ በሽታው በብዛት የታየ ሲሆን፣ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በኢትዮጵያ ከመረመሩት ግንባር ቀደሙ ናቸው። የተጎዳው ነርቭ አይመለስም። ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልና መርዙ ያነሰባቸውን ዝርያዎች መዝራት አደጋውን ይቀንሳል።

መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) የሚያደርገው ደግሞ በቀጥታ ፍሬኑን መቁረጥ ነው። የጀርሙ መርዝ በህብለ ሰረሰር ውስጥ ነርቭን ዝም የሚያሰኙትን ኬሚካሎች ይዘጋል፤ ጡንቻዎች ሁሉ ተያይዘው ይገተራሉ። በቆሸሸ ብረት ወይም እሾህ ከተወጋ በኋላ መንጋጋ መያዝ የጀመረው ሰው በወጌሻ የሚታሽ ሳይሆን በአፋጣኝ ሆስፒታል የሚገባ ነው።

ስለ ኪኒንም አንድ ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። ይህ የወባ መድኃኒት ነርቭና ጡንቻን ስለሚያረጋጋ በብዙ አገሮች ለሌሊት ክራምፕ ሲሰጥ ኖሯል። የልብ ምትን ሊያዛባና ደም የሚያረጉትን ሴሎች ክፉኛ ሊቀንስ ስለሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለክራምፕ እንዳይወሰድ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ጎረቤት ያተረፈውን ኪኒን ለባት ሕመም መዋጥ አያዋጣም።

በእግር ጉዞ ላይ ባት እየታመመ ቆም ሲሉ የሚተው ከሆነ የደም ሥር መጥበብ ሊሆን ይችላል። አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ሞቆና ቀልቶ ከታመመ የደም መርጋት ይጠረጠራል፤ ያን ጊዜ ማሸት ክልክል ነው። ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ ጡንቻ እየፈረሰ ኩላሊትን እየጎዳ ነው ማለት ነው። ክራምፑ ጡንቻ ከመክሳትና ከመድከም ጋር ከመጣ፣ ወይም ያለ ሥራ ሌሊት ሌሊት እየተደጋገመ እንቅልፍ ከነሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው የሚወስዳቸውን ክኒኖች ሁሉ፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የገዛቸውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዞ ቢሄድ ሐኪሙ ከደም ምርመራው በፊት የመጀመሪያውን ተጠርጣሪ ያገኛል።